«ተቻቻሉ» የማይፈታው ችግር፦ አሠሪዎች የሥራ ቦታ በደልን እንዴት ይከላከሉ?

የሰው ሀብት አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ የሚደርሱ የበደል ማመልከቻዎች ሲነበቡ ብዙዎቹ ተራ ነገር ይመስላሉ። «ስብሰባ መኖሩን የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።» «የሠራሁትን ሪፖርት ሁሉም ሰው ፊት ‹ይሄ የሕፃን ሥራ ነው› ብሎ ወረወረልኝ።» «የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ ‹እስኪ እናያለን› ካለኝ ሁለት ወር ሆነው፤ ከእኔ በኋላ የጠየቁት ወጥተው ተመልሰዋል።» «ጠዋት ገብቼ ሰላም ስል የሚመልስልኝ የለም።» ማመልከቻውን የሚያነበው ኃላፊ እያንዳንዱን ነጥሎ ካየው «ይሄማ ምን ቅሬታ ይባላል?» ማለቱ አይቀርም። ሁለቱን ወገን ይጠራል፣ ትንሽ ይመክራል፣ «አንድ ቤት ውስጥ ናችሁ፤ ተቻቻሉ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ቅሬታ ያቀረበችው ሠራተኛ ግን ወደ ክፍሏ የምትመለሰው ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ከሳሽ» ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ኃላፊው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጉዳዩን የሁለት ሰዎች ጠብ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ጠብ ከሆነ በእርግጥ ሽምግልና ይበቃዋል። ሥልጣን፣ የቁጥር ብልጫ ወይም የቆየ ተሰሚነት ያለው ወገን ራሱን መከላከል የማይችለውን ሰው እየደጋገመ ሲያሸማቅቅ ግን ነገሩ ጠብ መሆኑ ይቀራል፤ ከሥራው አካባቢ የሚመነጭ የጤናና የደኅንነት አደጋ ይሆናል። መከለያ የሌለው ማሽን የሠራተኛ እጅ ቢቆርጥ ተጠያቂው አሠሪው እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። በደልም በዚያው ዓይን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። አሠሪው በዚህ መንገድ ካላየው የሚጽፈው መመሪያ፣ የሚሰጠው ሥልጠናና የሚያቋቁመው ኮሚቴ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የችግሩ ስፋት ቀላል አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ሎይድስ ሬጅስተር ፋውንዴሽንና ከሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጋለፕ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 በ121 አገሮች ወደ 75,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን አነጋግሮ ነበር። ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 22.8 በመቶው፣ በሥራ ዘመናቸው አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊ ወይም ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳ ደርሶባቸዋል። ከሦስቱ ዓይነቶች በብዛት የታየው ሥነ ልቦናዊው ሲሆን 17.9 በመቶ ያህሉ ደርሶብናል ብለዋል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከተጎዱት ውስጥ ለማንም ቢሆን የተናገሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የተናገሩትም ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ ለጓደኛና ለቤተሰብ መንገርን መርጠዋል። ለምን ዝም አላችሁ ሲባሉ ጎልተው ከወጡት መልሶች ሁለቱ «ጊዜ ማባከን ነው» እና «ስሜ ይጠፋል» የሚሉ ነበሩ። ስለዚህ አሠሪው «እኛ ጋ ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም» ማለቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቅሬታ የሌለው በደል ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ሰው መናገር ዋጋ የለውም ብሎ ተስፋ ስለቆረጠም ሊሆን ይችላል።

በደል የሚባለውና የማይባለው

ጉዳዩን በጥናት ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄይንዝ ሌይማን ነው። ያስቀመጠው መለኪያ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚፈጸምና ቢያንስ ለስድስት ወር የዘለቀ ድርጊት የሚል ነበር። ለተመራማሪ ጠቃሚ ነው። አሠሪ ግን ስድስት ወር ከጠበቀ የሚደርሰው ሰውየው ከተጎዳ በኋላ ነው። ለዕለት ሥራ የተሻለ የሚመስለኝ የአውስትራሊያ የሥራ ሕግ የያዘው አገላለጽ ነው፤ በሠራተኛ ወይም በሠራተኞች ቡድን ላይ የሚደጋገም፣ ምክንያታዊ ያልሆነና ለጤናና ለደኅንነት አደጋ የሚፈጥር አድራጎት ይላል። ያው ሕግ በተገቢው መንገድ የተፈጸመ ተገቢ የአስተዳደር እርምጃን ከትርጉሙ ውጭ ያደርገዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለአለቆችም ለሠራተኞችም ግልጽ ሊሆን ይገባል። ሥራ መስጠት፣ ስህተት ማረም፣ ዝቅተኛ የአፈጻጸም ውጤት መስጠት፣ ማስጠንቀቂያ መጻፍ የአለቃ ሥራ ነው። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። «ሪፖርቱ ላይ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ቁጥር ጎድሏል፤ እስከ ሐሙስ አስተካክለህ አምጣልኝ» ያለ አለቃ ሥራውን ሠራ። «አንተ መቼም ቁጥር አይገባህም፤ ማን እንደቀጠረህ ነው የማይገባኝ» ብሎ ባልደረቦቹ ፊት የተናገረ አለቃ ግን ስለ ሪፖርቱ ምንም አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ ሰውየው ነው። ሠራተኛው ከመጀመሪያው አነጋገር ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። ከሁለተኛው የሚያገኘው ሐፍረት ብቻ ነው። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ሰው ሥራውን መሥራት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ብዬ ነበር እኮ፣ አይችልም» ይባላል።

በደል ሁልጊዜ ጩኸት የለውም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችውና መጀመሪያ በትላልቅ ድርጅቶች፣ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ደግሞ በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ላይ ግዴታ ያደረገችው ሕግ በሥልጣን መበደልን የሚመለከት ነው። የአገሪቱ መንግሥት ለአሠሪዎች ባወጣው መመሪያ ድርጊቶቹን በስድስት ይከፍላቸዋል፤ ከድብደባና ከስድብ ቀጥሎ ማግለል፣ ከአቅም በላይ ሥራ መጫን፣ የግል ሕይወት ውስጥ መግባት ይገኙበታል። ስድስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ሥራ መንሳት ነው። የዓመታት ልምድ ያላትን ባለሙያ ወረቀት ስታባዛ እንድትውል ማድረግ፣ ኮምፒውተሯን ወስዶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። ደመወዟ አልተነካም፣ ክፉ ቃልም አልተነገራት ይሆናል። ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት «አንቺ አታስፈልጊም» እየተባለች ነው።

በደሉ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም። እኩዮች ተባብረው አንዱን ያገላሉ፤ ነባር ሠራተኞች አዲስ የመጣችን ወጣት አለቃ ትእዛዟን ባለመስማት፣ ወሬ በመንዛት ያስመርራሉ። የሥራ ቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው በጻፈ ቁጥር ሁሉም ዝም የሚልበት፣ እሱን ብቻ ያስወጣ ሌላ ግሩፕ የሚከፈትበት ጊዜ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2021 በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ቁጥር 190 ይህን ተገንዝቦ፣ ከሥራ ጋር በተያያዘ በቴክኖሎጂ የሚደረግ ግንኙነትን፣ የሥራ ጉዞን፣ አሠሪው የሚያቀርበውን ማደሪያ ሁሉ በሥራ ዓለም ክልል ውስጥ ያካትታል። ጥበቃው ቋሚ ለሆነው ብቻ አይደለም፤ ለተለማማጅ፣ ለበጎ ፈቃደኛ፣ ለሥራ አመልካችም ጭምር ነው። ትክክልም ነው፤ ለመናገር ከሁሉ በላይ የሚፈራው በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ነውና።

ከየት ይመጣል?

የተለመደው መልስ «አንዳንድ ሰው ተፈጥሮው ነው» የሚል ነው። ክፉ ጠባይ ያለው ሰው መኖሩን አልክድም። ይሁን እንጂ ያው ሰው አንድ ቦታ ሲሠራ ገደቡን አውቆ ይቀመጣል፣ ሌላ ቦታ ሲሄድ ደግሞ ሠራተኛ ያስለቅሳል። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ስቶለ አይናርሰንና ባልደረቦቻቸው ለብዙ ዓመታት ያደረጓቸው ጥናቶች ትኩረት ያደረጉት በሥራው አደረጃጀት ላይ ነው። የማን ኃላፊነት የት እንደሚያልቅ ባልታወቀበት፣ የሥራ ጫና በበዛበት፣ ሰው እንጀራዬ ነገ ይቀጥላል ወይ ብሎ በሚሰጋበት ቦታ በደል በብዛት ይታያል። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚነሳው ደግሞ ጣልቃ የማይገባ አለቃ ነው። እያየ እንዳላየ የሚያልፍ፣ «ራሳችሁ ፍቱት» የሚል ኃላፊ ገለልተኛ የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሜዳውን ለጉልበተኛው ለቆለታል።

አደረጃጀቱ ራሱ በደል ሲሆን ምን እንደሚመስል የፈረንሳዩ የቴሌኮም ድርጅት ፍራንስ ቴሌኮም ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 22,000 የሥራ መደቦችን ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ብዙዎቹ ሠራተኞች በመንግሥት ሠራተኛነት የተቀጠሩ ስለነበሩ በቀላሉ ማሰናበት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ራሳቸው እንዲለቁ ማድረግ ተያዘ፤ እየደጋገሙ ከቦታ ቦታ ማዛወር፣ መደብ መሰረዝ፣ ከሙያቸው ውጭ መመደብ። በዘመኑ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ዲዲየ ሎምባር ለሥራ ኃላፊዎች ሠራተኞቹ «በመስኮትም ሆነ በበር» እንደሚወጡ መናገራቸው በችሎቱ ላይ ተነሥቷል። የፓሪሱ ፍርድ ቤት የ39 ሠራተኞችን ጉዳይ መረመረ፤ 19ኙ ራሳቸውን ያጠፉ፣ 12ቱ የሞከሩ ነበሩ። ዲሴምበር 2019 ላይ ድርጅቱ 75,000 ዩሮ ተቀጣ፣ ኃላፊዎቹም የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው። በይግባኝ የዋናዎቹ ኃላፊዎች እስራት ወደ ገደብ ቢቀየርም የጥፋተኝነት ፍርዳቸው ጸና፤ የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ችሎትም ጃንዋሪ 2025 ላይ አጸደቀው። ለአሠሪዎች ትልቁ ነገር የፍርዱ መሠረት ነው። ኃላፊዎቹ ጥፋተኛ የተባሉት እያንዳንዱን ሠራተኛ በግል ስለበደሉ አይደለም። ብዙዎቹን ተጎጂዎች በአካል አያውቋቸውም። የተፈረደባቸው ሠራተኛን የሚያስመርር የአሠራር ፖሊሲ ነድፈው ስላስፈጸሙ ነው።

በመካከለኛ ድርጅት ደረጃም ያው ነገር በትንሹ ይታያል። የሽያጭ ግብ በየወሩ ከፍ እየተደረገ ያላሳካው ሰው ስም በስብሰባ ላይ የሚነበብ ከሆነ፣ የቅርብ አለቃው ተሳዳቢ ባይሆን እንኳ አሠራሩ ራሱ ያሳድባል።

ጉዳቱ ሰውነት ላይም ይወርዳል

እንቅልፍ ማጣት፣ እሑድ ማታ ሰኞን እያሰቡ መጨነቅ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድብርት የሚታወቁ ናቸው። ከዚህም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በዴንማርክና በስዊድን 79,201 ሠራተኞችን ተከታትሎ፣ በሥራ ቦታ በደል ደርሶብናል ያሉት ካልደረሰባቸው ይልቅ በልብና በአንጎል የደም ሥር በሽታዎች የመያዝ ዕድላቸው 59 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። እንዲህ ያለው ጥናት መንስኤና ውጤትን በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ግን ማንም አሠሪ አቃልሎ የሚያልፈው ልዩነት አይደለም። ዳር ቆሞ የሚያየው ሰውም አይተርፍም። ዛሬ በእሷ ላይ የሆነው ነገ በእኔ ላይ ይሆናል ብሎ ሐሳብ መስጠት ያቆማል፣ ስህተት ሲያይ ይደብቃል፣ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚለቁት ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚያገኙት ጎበዞቹ ናቸው።

መከላከል ከወረቀት ይጀምራል፣ ወረቀት ላይ ግን አይቆምም

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ጉዳዩን የሚመለከት የሥራ አካባቢ ደንብ ስታወጣ ለአሠሪው የሰጠችው ግዴታ ሥራው ራሱ በደልን በሚከላከል መልኩ እንዲታቀድና እንዲደራጅ ነበር። ከቅጣት በፊት አደረጃጀት መምጣቱ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። ስምምነት ቁጥር 190ም ከአሠሪዎች የሚጠብቀው በዚሁ መስመር ነው፤ ከሠራተኞችና ከተወካዮቻቸው ጋር መክሮ ፖሊሲ ማውጣት፣ ጥቃትና ትንኮሳን በሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር ውስጥ ማስገባት፣ አደጋውን ሠራተኞች በተሳተፉበት መለየትና መገምገም፣ መረጃና ሥልጠና መስጠት።

መመሪያው አጭርና ሰው የሚያነበው ይሁን። «ማንኛውም ሠራተኛ ክብሩ ተጠብቆ ይሠራል» ብሎ የሚያልፍ አንቀጽ ማንንም አይረዳም። ድርጊቶቹን በስማቸው ይጥራ፦ ሰው ፊት ማዋረድ፣ መረጃ መደበቅ፣ ከስብሰባና ከግሩፕ ማስወጣት፣ ያለ ምክንያት ፈረቃ መቀያየር፣ ለሥራው የማይበቃ ጊዜ ሰጥቶ አልደረሰም ብሎ መቅጣት። ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚያጣራ ይግለጽ። የቅሬታ በሮቹ ደግሞ ከአንድ በላይ መሆን አለባቸው። ቅሬታ የሚቀርበው «ለቅርብ አለቃ» ብቻ ከሆነና በዳዩ ራሱ የቅርብ አለቃው ከሆነ፣ ያ መመሪያ ለተበዳዩ የለም ማለት ነው። ቢያንስ አንዱ በር ከአለቃው መስመር ውጭ ይሁን፤ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፣ ሌላ ክፍል ያለ ኃላፊ ወይም ከድርጅቱ ውጭ ያለ ባለሙያ።

አደጋውን መገምገም ሲባል ከባድ ነገር የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛው መረጃ ግን ቀድሞውኑ የሰው ሀብት አስተዳደር መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ከየትኛው ክፍል ነው ሰው ቶሎ ቶሎ የሚለቀው? የሕመም ፈቃድ የበዛው የት ነው? የዝውውር ጥያቄ የሚጎርፈው ከማን ሥር ነው? አንድ ክፍል በሁለት ዓመት ውስጥ አራት የሒሳብ ሠራተኛ ከቀያየረ፣ አራቱም ሰነፎች ስለነበሩ ነው ከማለት በፊት ኃላፊውን ማየት ይገባል። ሠራተኛ ሲለቅ የሚደረገው ቃለ መጠይቅም ለይስሙላ ቅጽ መሙላት መሆን የለበትም። የሚለቅ ሰው ብዙ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ከቀሩት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ስም የማይጻፍበት መጠይቅ በዓመት አንድ ጊዜ ማካሄድም ይረዳል፤ ውጤቱ ለሠራተኛው ካልተነገረና ምንም ካልተደረገበት ግን በሚቀጥለው ዓመት ማንም በእውነት አይሞላውም።

ሥልጠናን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ሁሉንም ሠራተኛ አዳራሽ ሰብስቦ የግማሽ ቀን ትምህርት መስጠት ብቻውን ብዙ አይለውጥም። ገንዘቡና ጊዜው ቢያንስ ግማሹ ለቅርብ አለቆች ይዋል። አብዛኞቹ አለቃ የሆኑት በሙያቸው ጎበዝ ስለነበሩ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚታረም፣ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ሁለት ሠራተኞች ሲጋጩ መቼ መግባት እንዳለባቸው ያስተማራቸው የለም። የተጮኸባቸው ሰዎች አለቃ ሲሆኑ ሌላ መንገድ ስለማያውቁ ይጮኻሉ። ለቀሩት ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅመው ባልደረባቸው ሲበደል ምን ማድረግ እንደሚችሉ ማሳየት ነው። ጀግና መሆን አይጠበቅባቸውም። ስብሰባ ላይ ሐሳቧ የተቋረጠባትን ሴት «ቆይ፣ ትጨርስ» ማለት፣ ከስብሰባው በኋላ «አይቻለሁ፤ ምስክር ካስፈለገሽ አለሁ» ማለት ይቻላል። ለተበዳይ ከሁሉ የሚከብደው ማንም እንዳላየው ማሰብ ነውና ይህች ትንሽ ቃል ትልቅ ነገር ታደርጋለች።

ቅሬታው ሲመጣ

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚደረገው ወይም የማይደረገው ነገር የቀረውን ይወስናል።

ቅሬታ ሊያቀርብ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩን በቅደም ተከተል አይናገርም። ከመጨረሻው ይጀምራል፣ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ከስድስት ወር በፊት ወደሆነ ነገር ይዘላል። ተቀባዩ ይህን «ነገር የተምታታበት ሰው ነው» ብሎ መተርጎም የለበትም። በጸጥታ መስማት፣ ከዚያ ቀን፣ ቦታ፣ የተባለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ መጠየቅ፣ የተጻፈውን መልሶ ማንበብና ማስፈረም። «አንተስ ምን አድርገህበት ነው?» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋዋል። «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባትም ስህተት ነው፤ ማጣራት ካለ የሚመለከታቸው ሰዎች ማወቃቸው አይቀርም። ትክክለኛው ቃል «ጉዳዩን ማወቅ ካለበት ሰው በቀር ማንም አይሰማውም» የሚለው ነው፤ ከተናገሩት በኋላ መጠበቅም ግድ ነው።

ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ማነጋገር ለምን አደገኛ እንደሆነ ብዙ አሠሪ አይረዳውም። ገና የተጀመረና በእኩዮች መካከል ያለ አለመግባባት ከሆነ ሁለቱም ፈቅደው በሦስተኛ ሰው ፊት ቢነጋገሩ መልካም ነው። የኃይል ሚዛኑ ያዘነበለ ከሆነ ግን ተበዳዩ የሚናገረው የሚያሸማቅቀው ሰው ዓይን እያየው ነው፤ ግማሹን ይውጠዋል፣ ይቅርታ ጠይቆም ሊወጣ ይችላል። ሽምግልና ባህላችን ነው ብለን የምንወደው መንገድ ቢሆንም የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም።

ማጣራቱ እስኪያልቅ ሁለቱን መለየት ካስፈለገ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? በተለምዶ ቅሬታ ያቀረበው ይዛወራል፤ «ለራስህ ደኅንነት ነው» ይባላል። ሌላው ሠራተኛ የሚረዳው ግን ቅሬታ ያቀረበ ቦታውን እንደሚያጣ ነው። ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር ቅሬታ አቅራቢው ባለበት ይቆይ፤ የሪፖርት መስመሩን ለጊዜው ወደ ሌላ ኃላፊ ማዞር ወይም ቅሬታ የቀረበበትን ሰው ከሙሉ ደመወዝ ጋር ለጊዜው ማንሳት ይቻላል፣ ይህ ቅጣት እንዳልሆነ በጽሑፍ ተገልጾለት።

አጣሪው ከሁለቱም ጋር ዝምድና፣ ወዳጅነትም ሆነ የሥራ ጥቅም የሌለው ሰው መሆን አለበት። ምን እንደሚያጣራ፣ በስንት ጊዜ እንደሚጨርስ በጽሑፍ ይሰጠው። ቅሬታ የቀረበበት ሰው ክሱን በዝርዝር የማወቅ፣ ምላሽ የመስጠት፣ የራሱን ምስክር የመጥራት መብት አለው፤ ጥፋተኛ እንደሆነ ተደርጎ መታየት የለበትም። ማስረጃው ከምስክር ቃል ሌላ ብዙ ነው፦ ኢሜይሎች፣ የግሩፕ መልእክቶች፣ የስብሰባ ጥሪዎች የተላኩላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ የፈረቃ ሰሌዳዎች፣ የፈቃድ ጥያቄዎችና የተመለሱበት ቀን፣ ያለፉት ዓመታት የአፈጻጸም ውጤቶች። ለሦስት ዓመት «በጣም ጥሩ» ያገኘች ሠራተኛ አዲስ አለቃ በመጣ በአራት ወር «ዝቅተኛ» ከሆነች ማብራሪያ ይጠየቅበታል። እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ በአሠሪ የውስጥ ማጣራት ሚዛን የሚደፋው የትኛው ነው ብሎ መመዘን ይበቃል። ብዙ ጊዜ ምስክር የለም ተብሎ የሚዘጋ ፋይል ድርጊቶቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ራሱ ይናገር ነበር።

ቅሬታው አልተረጋገጠም ማለት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት የማያውቅ አሠሪ ማስረጃ ያጣን ሰው «በሐሰት ከሰስክ» ብሎ ሲቀጣ ለቀሩት ሁሉ ዝም በሉ ማለቱ ነው። ሆን ተብሎ ሰውን ለመጉዳት የተፈጠረ ክስ ሲገኝ መቅጣት ይገባል፤ ሆን ተብሎ መሆኑ ግን ራሱን ችሎ መረጋገጥ አለበት።

ከተረጋገጠ እርምጃው ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠን። ባለማወቅ ቃሉ ለሚሻክር አለቃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የቅርብ ክትትል ሊበቃ ይችላል። እያወቀ ሰው ለማባረር የሠራ ግን ሰው የማስተዳደር ሥልጣኑ ሊነሳ፣ ከሥራም ሊሰናበት ይገባል። ከባዱ ጉዳይ ብዙ ገቢ የሚያስገባው፣ ደንበኛ የሚያመጣው፣ «እሱ ከሄደ ሥራው ይቆማል» የሚባለው ሰው ሲሆን ነው። አሠሪው እሱን ሲያልፍ ቀሪዎቹ ሁሉ መመሪያው ለእነማን እንደተጻፈ በዚያው ቀን ያውቃሉ። በእሱ ምክንያት የለቀቁት ሰዎች ምትክ ለመቅጠርና ለማሠልጠን የወጣው ገንዘብ፣ የተቋረጡ ሥራዎች፣ የሕመም ፈቃዶች ሲደመሩ ያስገባል የተባለው ገቢ ምን ያህሉ እንደሚቀር ማስላትም ይገባል፤ ይህን ሒሳብ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው።

በዳዩ ባለቤቱ ወይም ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሆነስ? በድርጅት ውስጥ እሱን የሚያጣራ ገለልተኛ ሰው የለም፤ ሥሩ ያለ የሰው ሀብት ኃላፊ ይህን እንዲያደርግ መጠየቅ ኃላፊውንም አደጋ ላይ መጣል ነው። ቦርድ ካለ ቦርዱ የውጭ አጣሪ ይቅጠር። በአነስተኛ ድርጅት ይህም ስለማይኖር ሠራተኛው ወደ ሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ እንዳለው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የበቀል ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በሥራ ላይ ባዋለችው የሕግ ማሻሻያ፣ በደልን ሪፖርት ባደረገ ሠራተኛ ላይ ጉዳት የሚያደርስ አሠሪ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን ዎን መቀጮ እንዲጣልበት ደንግጋለች። ሕግ አውጪዎቹ ቅጣቱን በዚህ ላይ ማክበዳቸው ተገቢ ነው፤ በቀል የማይቀጣበት ቦታ ላይ የቀረው መመሪያ ሁሉ አይሠራም። በቀል ደግሞ በግልጽ አይመጣም። ጉዳዩ ከተዘጋ ሳምንታት በኋላ የትርፍ ሰዓት ሥራ ለሌሎች ሲደርስ ለእሱ አይደርስም፣ የሥልጠና ዕድል ያልፈዋል፣ ኮንትራቱ «በበጀት ምክንያት» አይታደስም።

ስለዚህ ፋይሉ ውሳኔ በተሰጠበት ቀን መዘጋት የለበትም። ውሳኔውን ለሁለቱም ወገን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቅሬታ አቅራቢው ቢያንስ ቅሬታው ምን ላይ እንደደረሰ እንዲያውቅ ማድረግ፣ ሁለቱ አብረው የሚቀጥሉ ከሆነ ሥራውን እንዴት እንደሚቀባበሉ ግልጽ አድርጎ መወሰን የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ በወሩ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር አንድ የተመደበ ሰው ቅሬታ አቅራቢውንና ምስክሮቹን ለየብቻ ያነጋግር። ከእነሱ ቃል ጎን ለጎን መዝገቡን ይይ፦ ከቅሬታው በኋላ የአፈጻጸም ውጤታቸው ወርዷል? ፈረቃቸው ተቀይሯል? የደመወዝ ጭማሪ ወይም እድገት ያለፋቸው ካለ ምክንያቱ ተጽፏል? የምስክሮቹን ስም ከዚህ ክትትል ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው። ለባልደረባቸው ብለው የመሰከሩት እነሱ ናቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመሰክር ሰው መገኘት አለመገኘቱም የሚወሰነው በእነሱ ላይ በሆነው ነገር ነው።